«ካች»፣ «ግራብ»፣ «ሲዝ»... ሁሉም «ያዘ» ናቸው? ከጣና ዳር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ አስጎብኚዎች፣ ጀልባ ነጂዎችና የሆቴል ሠራተኞች ናቸው። አንዳንዴም ስለ ዓሣ ሀብት ጽሑፍ የሚያዘጋጁ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ይመጣሉ። ሐይቁ አጠገባችን ስለሆነ ይመስለኛል፣ ስለ መያዝ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አያልቅም። በየክፍሉ ከምደጋግመው አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልገላገል ብያለሁ። የእንግሊዝኛ ቃላቱን በፊደላችን ነው ያስቀመጥኳቸው። ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው፤ አፍ ማፍታቻም ይሆናሉ።

መዝገበ ቃላት ሳይ «ካች»ም፣ «ግራብ»ም፣ «ሲዝ»ም፣ «ካፕቸር»ም «ያዘ» ይለኛል። ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መዝገበ ቃላቱ አልዋሸም። ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገራችሁ።

አማርኛ ሥራውን ለሁለት ቃል ያካፍላል። «ያዘ» ውጤቱን ይናገራል። እንዴት እንደተያዘ የሚናገረው ከፊቱ የሚመጣው ቃል ነው። አባርሮ ያዘ። አድብቶ ያዘ። ነጥቆ ያዘ። አጥምዶ ያዘ። አፈፍ አድርጎ ያዘ። እንግሊዝኛ ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱን ጠቅልሎ በአንድ ግስ ይጨርሳል። «ስናች» ሲል መንጠቁም መያዙም እዚያው ውስጥ አለ። ሌላ ቃል አይጠብቅም።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምሰጣቸው ዘዴ ቀላል ነው። ዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ በአማርኛ ተናገሩት። ከ«ያዘ» በፊት ምን አላችሁ? ምንም ካላላችሁ «ካች» ይበቃችኋል። «ነጥቆ» ካላችሁ «ስናች» ነው። «አፈፍ አድርጎ» ካላችሁ «ግራብ»። «አጥምዶ» ካላችሁ «ትራፕ»። «በኃይል» ወይም «በሕግ» የሚል ነገር ካከላችሁ «ሲዝ»። «ማርኮ» ካላችሁ «ካፕቸር»። ሁልጊዜ አይሠራም፤ ከአሥር ሰባት ስምንቱን ግን ያወጣችኋል።

እንግዲያው ግራ ሲገባኝ «ካች» ብል ያስኬደኛል?

ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። ቀረሶ ሁሉ ዓሣ ነው፤ ዓሣ ሁሉ ግን ቀረሶ አይደለም። አምባዛም አለ፣ ነጭ ዓሣም አለ። «ካች» ዓሣው ነው፣ «ስናች»ና «ትራፕ» ደግሞ ቀረሶና አምባዛ ናቸው በሉት። አንድን ነገር አጥምደህ ከያዝከው «ካች» አድርገኸዋል። «ካች» አደረግሁት ስላልክ ግን አጥምደኸው ነው ማለት አይቻልም። ሮጠህ ደርሰህበት ሊሆን ይችላል።

«ካች» የራሱ ጠባይም አለው። የሚንቀሳቀስ ነገር ይወዳል። የሚሮጥ፣ የሚበር፣ የሚወድቅ፣ የሚያመልጥ። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ብርጭቆን «ካች» አታደርገውም፤ «ፒክ አፕ» ነው የምታደርገው። ብርጭቆው ሲወድቅ መሬት ሳይደርስ ከያዝከው ግን «ካች» ነው። እኛ እዚህ ላይ «ቀለበ» የሚል ቆንጆ ቃል አለን። ኳስ ቀለበ፣ የተወረወረ ሎሚ ቀለበ። የሚገርመው ለዚህ እንግሊዝኛ የተለየ ቃል የለውም፤ በ«ካች» ነው የሚያልፈው። ልዩ ልዩ ቃል ሁልጊዜ በእነሱ በኩል አይበዛም።

«ቦርሳዬን ያዝልኝ» ለማለት «ካች ማይ ባግ» አልኩ። ፈረንጁ ለምን ሳቀ?

አይዞህ፣ እኔም አድርጌዋለሁ። አስተማሪ ከመሆኔ በፊት ለጥቂት ዓመታት ቱሪስት ይዤ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ እመላለስ ነበር። አንድ ቀን ዘጌ ስንደርስ አንዲት ሴትዮ ከጀልባ ልትወርድ ስትል እጄን ዘረጋሁላትና «ካች ማይ ሃንድ» አልኳት። ቆም አለች። እጄን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። «ለምን? ወዴት ሊሄድ ነው?» አለችኝ። ጀልባው በሙሉ ሳቀ። ዘጌ ጫካ ውስጥ ቡና ለቃሚዎቹ ሳይሰሙን አልቀሩም።

ያቺ ሴትዮ በአንድ ቀልድ ካስተማረችኝ በላይ ያስተማረኝ ሰው የለም። «ካች» የሚሄድ ነገር ይፈልጋል። የእኔ እጅ ቆሞ ነበር። ማለት የነበረብኝ «ሆልድ» ወይም «ቴክ» ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከ«ያዘ» ስፋት ነው። የእኛ «ያዘ» መያዝ የጀመረበትን ቅጽበትም፣ ይዞ መቆየቱንም ይሸፍናል። «በረኛው ኳሱን ያዘው» ስንል ቅጽበቱ ነው። «በረኛው ኳሱን ይዞታል» ስንል ቆይታው ነው። ግሡ ያው ነው፤ የተለወጠው መልኩ ነው። እንግሊዝኛ ግን እዚህ ላይ ግሡን ራሱን ይለውጣል። ቅጽበቱ «ካች»፣ ቆይታው «ሆልድ»። በረኛው መጀመሪያ «ካች» ያደርጋል፣ ከዚያ ሰዓት ለመግደል «ሆልድ» እያደረገ ይቆያል። የእኛ ቡድን ባሕር ዳር ከተማ፣ የጣና ሞገዶቹ፣ እየመሩ ከሆነ ደግሞ እንዲቆይ እኛም እንመርቀዋለን።

እግረ መንገዴን ሌሎቹን «ያዝ»ዎች ላራግፋቸው። ቦርሳዬን ያዝልኝ፦ «ሆልድ»። ወንበር ያዝልኝ፦ «ሴቭ»። ወረፋዬን ያዝልኝ፦ «ኪፕ»። ጀሪካኑ ሃያ ሊትር ይይዛል፦ «ሆልድ»። ቂም ያዘብኝ፦ አሁንም «ሆልድ»፤ ቂምን በእጃቸው እንደ ዕቃ ነው የሚይዙት። ሥራ ይዣለሁ፦ ግሡን ተውትና «ቢዚ» በሉ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ «ካች» አንድም ቦታ የለም። ይህን ያህል ነው የምንሳሳተው።

«ጉንፋን ያዘኝ» ሲባል ያዡ ጉንፋኑ ነው። በእንግሊዝኛ ለምን እኔ ያዥ እሆናለሁ?

ምክንያቱም እነሱ በሽታን ሰው የሚቀበለው፣ ከሌላው የሚወስደው ነገር አድርገው ነው የሚናገሩት። እኛ ዘንድ በሽታው መጥቶ ሰውየውን ይይዘዋል። እነሱ ዘንድ ሰውየው በሽታውን «ካች» ያደርገዋል። «ኮልድ ኮት ሚ» ብትሉ («ኮት» የ«ካች» ያለፈ ጊዜ ነው) ጉንፋኑ ከኋላችሁ ሮጦ የደረሰባችሁ ይመስላል። ከሰው ወደ ሰው ለማይተላለፍ በሽታ ግን «ካች» አትበሉ። ስኳር በሽታ «ካች» አይደረግም።

ዝናብ ሲሆን ደግሞ እንደገና ወደ እኛ ይጠጋሉ። ክረምት ላይ ሐይቁ መሐል ዝናብ ከያዛችሁ «ኮት ኢን ዘ ሬይን» ትላላችሁ፤ ተያዝን እንደማለት። እንቅልፍና ፍቅር ሌላ ነው። እነዚህ ሁለቱ በእንግሊዝኛ አይዙም፤ ሰው ራሱ ይወድቅባቸዋል፣ ግሡም «ፎል» ነው።

«ቀኑን ሙሉ ሳጠምድ ውዬ አንድም አልያዝኩም» እንዴት ይባላል?

ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ይህ ነው። አንድ ጀልባ ነጂ ነው መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ ያውም ከተሞክሮ።

እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። «ፊሽ» እንደ ግስ ሲገባ ማጥመድ ነው። ሥራውን ይናገራል እንጂ ዓሣ ስለመገኘቱ ምንም ዋስትና አይሰጥም። ውጤቱን የሚናገረው «ካች» ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ «ፊሽ» አድርጎ ምንም «ካች» አለማድረግ ይቻላል። ይቻላል ብቻ ሳይሆን የተለመደም ነው።

ወደ መንጠቆ እንሂድ። «ሁክ» ስም ሲሆን መንጠቆ ነው። ግስ ሲሆን ዓሣው መንጠቆው ላይ ተሰካ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ገና ውሃ ውስጥ ነው። ክሩን በጥሶ ሊሄድ ይችላል። ጎትታችሁ ጀልባው ውስጥ ወይም ዳርቻው ላይ ስታወጡት «ላንድ» አደረጋችሁት ይባላል። አውሮፕላን ሲያርፍ የምንሰማው ያው ቃል ነው። ስለዚህ «አምስት ሁክ አድርጌ ሁለት ላንድ አደረግሁ» ማለት ጤነኛ እንግሊዝኛ ነው። ሦስቱ አምልጠዋል። ቅድም ልዩው ቃል ውስጥ «ካች» አለ ብያችሁ ነበር። «ሁክ» ላይ ያ ነገር ይላላል። መንጠቆ ላይ ያለ ዓሣ ገና ያልተቆረጠለት ጉዳይ ነው።

«ኔት» በመረብ መያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ገደማ ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ጣና ላይ መሥራት ከጀመሩ ወዲህ ለገበያ የሚወጣው ዓሣ በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው የሚመጣው። ከዚያ በፊት የነበረው ከደንገል በተሠራ ታንኳ ዳር ዳሩን የሚሠራ ሥራ ነበር። ታንኳው ዛሬም አለ። ውሃው ውስጥ ተዘርግቶ የሚያድረው መረብ በእንግሊዝኛ «ጊልኔት» ይባላል። «ጊል» የዓሣው ስንጥብ ነው። ዓሣው ራሱን በመረቡ ዓይን ያስገባል፣ ሰውነቱ አያልፍም፣ ወደኋላ ሲል ስንጥቡ ይያዛል። ዓሣ አጥማጁ እቤቱ ተኝቷል። ለዚህ ነው ስለ ጊልኔት ሲያወሩ «ዓሣው ተያዘ» የሚለው አባባል የሚቀናቸው።

«ትራፕ» ወጥመድ ነው። መግቢያ ያለው መውጫ የሌለው ነገር ሁሉ። ሰው አሳንሰር ውስጥ መብራት ሲጠፋበትም «ትራፕ» ተደረገ ይባላል፣ ማንም ሳያጠምደው። «ስኔር» ደግሞ ሸምቀቆ ነው። ለቆቅ፣ ለጅግራ፣ ለጥንቸል ይሆናል፤ ለዓሣ አትጠቀሙበት።

ስለ ብርብራም ይጠይቁኛል። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣው ይደነዝዝና ይንሳፈፋል። ለዚህ ግሡ «ስተን» ነው፤ ማደንዘዝ። «ስተን» መያዝን አይጨምርም። ከዚያ በኋላ የሚደረገው መልቀም ነው። ስለዚህ ሁለት ግስ ያስፈልጋችኋል።

ጽሑፌ ላይ ነጭ ዓሦች ክረምት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ሲወጡ ወንዝ አፉ ላይ ይያዛሉ ብዬ «ካች» አልኩ። ስሕተት ነው?

ስሕተት አይደለም። የሚሻል ግን አለ። እነዚህ ዓሦች እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዞቹ የሚጓዙ መንገደኞች ናቸው። አጥማጁ መንገዳቸው ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቃቸው። ለዚህ «ኢንተርሴፕት» የሚባል ግስ አለ። የኳስ ተንታኞች «ኳሱን አቋረጠው» የሚሉት እሱን ነው። ስለ ዓሦቹ መመናመን የምትጽፍ ከሆነ ይህ ቃል ክርክርህን ይሸከምልሃል። እንቁላል ሳይጥሉ መንገድ ላይ መቅረታቸው ነውና ጉዳዩ። «ካች» ይህን አይነግርም።

ሌላ ነገር። «ካች» በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ውስጥ ስምም ይሆናል። የተያዘው ዓሣ መጠን ማለት ነው። መምህርህ «ቶታል ካች» ብሎ ቢጽፍልህ ግስ እየፈለግህ አትጨነቅ።

ዳርቻው ላይ ወፎቹን ሳስረዳ «ካችስ ፊሽ»፣ «ካችስ ፊሽ» እያልኩ ራሴ ሰለቸሁ። ምን ልበል?

ጠዋት ሐይቁ ዳር ቁምና እያቸው። ዓሣ የሚበላው ንስር ከላይ ይመጣል፣ ውሃውን በጥፍሩ ነካ ያደርጋል፣ ዓሣውን ይዞ ይሄዳል። ይህ «ስናች» ነው። ላፍ ማድረግ። ሐይቁን የቀማው ይመስላል፤ «ስናች» ውስጥም የመቀማት ሽታ አለ። ስልክ መንገድ ላይ የሚነጥቅ ሌባም በዚሁ ግስ ነው የሚጠራው።

ፔሊካን በምንቃሩ ሥር ያለውን ከረጢት እንደ ጭልፋ ይጠቀምበታል። ግሡ «ስኩፕ» ነው፤ ጨለፈ። ይህን ለቱሪስት ስትነግር እጅህን እንደ ጭልፋ አድርገህ አሳይ፣ ፎቶ ማንሳት ይጀምራሉ። አንገቱ እንደ እባብ የሚጥመለመለው ዳርተር ውሃ ውስጥ ጠልቆ ዓሣውን በሹል ምንቃሩ ይወጋዋል። እሱ «ስፒር» ነው፤ ጦር።

ግን ሁሉንም ልዩ ቃል በአንድ ትንፋሽ አትዘርግፈው። አንዱን ወፍ በልዩ ቃሉ አድምቀው፣ ሌሎቹን በ«ካች» እለፋቸው። በየዓረፍተ ነገሩ አዲስ ግስ የሚያመጣ አስጎብኚ መዝገበ ቃላት የዋጠ ነው የሚመስለው። እኔ እንደዚያ ነበርኩ።

«ፖሊስ ያዘው» የሚለውስ?

የትኛውን ማለትህ ነው? አማርኛው ብዙ ነገር ይደብቃል። ሲሸሽ ደረሰበት ከሆነ «ካች» ነው። በሕግ በቁጥጥር ሥር አዋለው ከሆነ «አሬስት» ነው። ሲሰርቅ እጅ ከፍንጅ ያዘው ከሆነ አሁንም «ካች» ነው፤ እዚህ ላይ ማየቱ ይበቃል፣ እጁን መጨበጥ የለበትም። እናትህ ከድስት ወጥ ስትቀምስ ብታገኝህም «ካች» አድርጋሃለች። አሬስት ግን አላደረገችህም፣ ተስፋ አደርጋለሁ።

ዕቃ ሲሆን «ሲዝ» ይመጣል። ተቆጣጣሪዎች የተከለከለ መረብ ቢያገኙ አጥማጁን «አሬስት» ሊያደርጉት ይችላሉ፣ መረቡን ደግሞ «ሲዝ» ያደርጉታል። ቦታውን ብትቀያይሩት ሰው ይስቃል። «ሲዝ» ዕድልንም ይይዛል፤ «ዕድሉን ተጠቀም» ለማለት ይገባል።

«ካፕቸር» ከትግል ወይም ከረጅም ፍለጋ በኋላ ነው፤ ከተያዘም በኋላ እዚያው ይቆያል። የጦር ምርኮኛ፣ ያመለጠ እስረኛ፣ የተማረከ ከተማ። ፎቶም «ካፕቸር» ያደርጋል። ሊያመልጥ የነበረን ቅጽበት ማርኮ ማስቀረት ነውና። ትራፊክ ባጃጅ ሲያስቆም ግን ይህ ሁሉ ጦርነት አያስፈልግም። «ስቶፕ» በሉት።

ባጃጅ ልያዝ ስል «ካች» ነው ወይስ «ቴክ»?

በባጃጅ ሄድኩ ለማለት «ቴክ»። ሊሄድ ሲል ሮጬ ደረስኩበት ለማለት «ካች»። የጎርጎራ ጀልባ ካመለጣችሁ «ሚስ» ነው።

«ግራብ»፣ «ግራስፕ» እና «ክላች» ይምታቱብኛል።

ሦስቱም የእጅ ሥራ ናቸው፤ የሚለያቸው ስሜቱ ነው። «ግራብ» አፈፍ ማድረግ ነው። ፈጣን ነው፣ ትንሽ ሻካራም ነው። በንግግር ግን ለስልሷል፤ «ቡና ቶሎ ጠጥተን እንምጣ» ለማለት «ግራብ ኤ ኮፊ» ይላሉ። የኛ ቡና ሦስት ዙር እንዳለው ለማያውቅ ሰው ይሆናል። «ግራስፕ» መጨበጥ ነው። ደስ የሚለው ሐሳብ መጨበጥም በሁለቱም ቋንቋ አንድ ዓይነት ነው፤ «ነገሩን ጨበጥኩት» ስትሉ «ግራስፕ» ብላችሁ አትሳሳቱም። «ክላች» ደግሞ ጭምድድ አድርጎ መያዝ ነው፤ ከፍርሃት ወይም ከጭንቀት። ማዕበል ሲነሳ የጀልባውን ጠርዝ የሚይዝ ሰው «ክላች» ነው የሚያደርገው። ሾፌሮቻችን በጣልያንኛው ፍሪሲዮን የሚሉት የመኪና ክፍልም በእንግሊዝኛ ይኸው «ክላች» ነው።

የ«ካች» ያለፈ ጊዜ «ካችድ» ነው?

አይደለም፣ «ኮት» ነው። «ካች» ከፈረንሳይኛ ዘር የመጣ ቃል ነው። ማባረር የሚል ትርጉም ካለው «ቼዝ» ጋር እኅትማማች ናቸው፤ ሁለቱም የላቲን አያት አላቸው። አንደኛዋ ትሮጣለች፣ ሌላዋ ትይዛለች።

ስም ሆኖ «ዋትስ ዘ ካች?» ሲሉኝስ?

ዋጋ በጣም ስትቀንስላቸው ነው የሚሉህ። «ታዲያ ውስጡ ምን አለው?» ማለታቸው ነው። የጠረጠሩት መንጠቆ አለ። አትቆጣ፤ ዋጋው ምሳን እንደማይጨምር በግልጽ ንገራቸው።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለውን ተረት እንዴት ልተርጉመው?

«ካች» ብትሉ ተረቱ ይሞታል። «ፊሽ» ብትሉም መንጠቆ የያዘ ሰው ይታያቸዋል። የተረቱ ሰውዬ ግን እጁን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ በዳበሳ ነው የሚፈልገው። ለዚህ እንግሊዝኛ ግስ የለውም ብዬ ለዓመታት አስተምሬአለሁ። ተሳስቻለሁ። በአሜሪካ ደቡብ አካባቢ የአምባዛ ዘመድ የሆነውን ዓሣ ከወንዝ ዳር ጉድጓድ ውስጥ በባዶ እጃቸው የሚያወጡ ሰዎች አሉ። ግሡ «ኑድል» ነው፤ ከሚበላው ኑድል ጋር አይገናኝም። እጃቸውን ሲከቱ አንዳንዴ ዓሣው ሳይሆን እባብ ነው የሚጠብቃቸው። ስለዚህ ለአሜሪካዊ ቱሪስት «ኑድል» ብላችሁ ሞክሩት፤ ከዚያ አካባቢ ከመጣ ተረቱን ሳትጨርሱለት ይገባዋል። ለሌላው «ግሮፕ» በሉ፣ መዳበስ ማለት ነው፤ ግን «ፎር ፊሽ» የሚለውን ሳትጨምሩ እንዳትቀሩ። ብቻውን ሲቆም ሴት ልጅን በነውር መነካካት ይሆንና ሌላ ዘንዶ ታወጣላችሁ።